ለጋሼ ፊት የመረጥኩት ሌንስ

የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ጓደኛዬ ካሜራ ልትገዛ አስባለች። ፎቶ ቤት ሠርቼ እንደማውቅ ከሰማች ወዲህ በዚህ ጉዳይ የምትጠይቀው እኔን ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ከገዛች የትኛውን ሌንስ ብታስቀድም እንደሚሻል ጠየቀችኝ። የምችለውን ያህል በጥንቃቄ መለስኩላት። መጀመሪያ ምን ማንሳት እንደምትፈልጊ ለዪ፤ ከዚያ ከምታነሺው ነገር ምን ያህል ርቀሽ መቆም እንደምትችዪ አስቢ፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ እዪ አልኳት። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ፣ "ለሰው ፊትስ?" አለችኝ።

"ለፊት ረጅሙ ነው" አልኳትና ልብስ የማጥብ መስዬ ተነሳሁ።

መልሱ ትክክል ነው። ያስተማሩኝም እንደዚያ ብለው ነው። እኔ ግን ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን ሌላውን መርጫለሁ። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ ትምህርት ተቋርጦ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። እናቴ ናት፣ "ከምትቀመጪ እጅሽን አፍቺ" ብላ ያስገባችኝ። ባለቤቱን ከተማው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ትውልዳቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ አማርኛውን ከአገውኛ ይቀላቅሉት ነበር። ትዳራቸው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ልጅም የላቸውም። ሰፊ ፊትና ሞላ ያለ ጉንጭ ነበራቸው፤ ሲስቁ ዓይናቸው ጨርሶ ይጠፋል።

ፎቶ ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ጋሼ የተከራዩት ለርዝመቱ ሲሉ ነው። ከጎኑ የበርበሬ ወፍጮ አለ። ወፍጮው ሲነሳ ደንበኛ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ሙሽራም ብትሆን አይቀርላትም። ጋሼ ካሜራውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "አስነጥሺና ጨርሺ፤ እኔ አልቸኩልም" ይሏታል። ሚዜዎቹ ሲስቁ እሷም ትስቃለች፤ ያን ጊዜ ያነሷታል።

የነበሯቸው ሌንሶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ማቅረቢያና ማራቂያው አቧራ ገብቶበት አሥራ ስምንት ቁጥር ላይ፣ ማለትም በጣም ሰፊውን በሚያሳይበት በኩል፣ ደርቆ ቀርቷል። አጭሩ እንለዋለን። ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ድንኳን ሙሉ ሰው በአንድ ፎቶ ለማስገባት ይሆናል። ሁለተኛው ሰማንያ አምስት ነው፤ እሱን ረጅሙ እንለዋለን። በራሱ አያቀርብም፣ አያርቅም፤ መቅረብና መራቅ የአንሺው እግር ሥራ ነው። ከደንበኛው በርጩማ ርቆ የጋሼ መቆሚያ ወለሉ ላይ በቀይ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር።

ልዩነቱን ያስተማሩኝ በራሴ ፊት ነው። መጀመሪያ በአጭሩ ተጠግተው አነሱኝ፣ ቀጥሎ በረጅሙ ከፕላስተሩ ላይ ቆመው አነሱኝ፤ ሁለቱን አሳትመው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የመጀመሪያዋን ልጅ አላውቃትም።

"ፊት የሚያበላሸው ቅርበቱ ነው" አሉኝ። "አጭሩ ደግሞ ቅረቢ ቅረቢ ይልሻል። ስትቀርቢ ከፊት ያለው ሁሉ ያድጋል፤ አፍንጫ ያድጋል፣ ግንባር ያድጋል፣ ጉንጭና ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሞላ ፊት ይችለዋል። የከሳ ፊት ግን አይችለውም፤ ያለችውን ትንሽ ጉንጭ ይወስድበታል። ረጅሙ ወደ ኋላ ይመልስሻል። ራቅ ብለሽ ስታዪው ፊት እኩል ይሆናል።"

ይህን ነገር ደንበኞቹም ደርሰውበት ነበር። በተለይ የበርበሬ ነጋዴ ሴቶች። አንዷ በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ፣ "ጋሼ፣ በየትኛው ሊያነሱኝ ነው?" አለቻቸው።

"በረጅሙ።"

"ምነው፣ አረጀሁ?"

"አላረጀሽም። በአጭሩ ባነሳሽ አፍንጫሽ ቀድሞሽ ገበያ ይደርሳል።"

"ይድረስ፤ ቦታ ይያዝልኝ።"

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው፣ "አንቺን በስንት ርምጃ ነው ያነሱሽ?" እየተባባሉ ይተራረቡ ጀመር። በእነሱ ቋንቋ ጋሼ የራቁላት ሴት ፊቷ ያለቀባት ናት። ጋሼ ይስቃሉ፤ ሌንሱን ግን ማንንም ለማስደሰት ብለው ቀይረው አያውቁም። እኔ ብሆን እቀይር ነበር። ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ አልወድም። አንድ ቀን አንዷን ደንበኛ ስለለመነችኝ ብቻ በአጭሩ ተጠግቼ አንስቻት ነበር። ጋሼ ፎቶውን አይተው ቀደዱትና ልጅቷን መልሰው አስቀመጧት። ኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ "ደስ የሚላት ዛሬ ነው፤ ፎቶው ግን ነገም ከነገ ወዲያም ቤቷ አለ" አሉኝ።

ከሥራችን ግማሽ ያህሉ ለለቅሶ የሚሆን ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፣ ወይም ከሠርግ ፎቶ ጥግ ላይ ቆሞ የተነሳውን ያመጣል፤ እኛ ፊቱን ቆርጠን እናሳድግና ፍሬም ውስጥ እናስገባዋለን። ለቅሶው ላይ ፎቶው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ወይም የቅርብ ዘመድ ይይዘዋል፤ ሰውም ወደሱ እያየ ያለቅሳል። ጋሼ ይህን ሥራ ይሠሩታል እንጂ አይወዱትም። "ሰው ስንት ዘመን ኖሮ ለመታወቂያ ቀበሌ በተሰለፈበት ቀን ፊቱ ይለቀስለታል" ይሉ ነበር።

የራሳቸው ፎቶ ግን ከመታወቂያው ሌላ አልነበራቸውም። የሠርጋቸውን ትዳሩ ሲፈርስ ቀደው ጥለውታል። በስልክ እንኳ ሊያነሳቸው የሞከረ ሰው ሲያዩ መዳፋቸውን ዘርግተው ይከለክሉታል።

ከዚያ አመማቸው። ጉበት ነው ተባለ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ጸበል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሐኪም ቤት ተመላለሱ። በመጨረሻ፣ "ወደ ቤት ውሰዷቸው" የሚለው መጣ። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጥተው ወደ ታላቅ እህታቸው ቤት፣ ወደ ገጠር ሄዱ። ሲሄዱ ጉንጫቸው ሙሉ ነበር፤ ዓይናቸው ብቻ ነበር ቢጫ የሆነው።

ከሁለት ወር በላይ አላየኋቸውም። ኔትወርክ የለም፤ መንገድም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ኔትወርክ ብቅ ባለበት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ካሜራውን ይዘሽ ነዪ" አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። "ሁለቱንም ሌንስ አምጪ። አይተሽ የሚሆነውን ትመርጫለሽ።"

"ምነው ጋሼ?"

"የመታወቂያ ፊቴን ይዘው እንዳያለቅሱብኝ።"

"ኧረ እንዲህ አይበሉ።"

"ነዪ ብቻ። አንድ ደህና ፎቶ ነው የምፈልገው።"

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያ ሰሞን ፍተሻ ይበዛ ነበር፤ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ለምን እንደያዘ ብዙ ይጠየቃል። ስለዚህ ካሜራውንና ሌንሶቹን በነጠላ ጠቅልዬ ዘንቢል ሥር አስገባኋቸው፤ ከላይ ለጥየቃ የሚወሰደውን ዳቦ፣ ስኳርና ብርቱካን ደረደርኩ። ሁለት ቦታ ላይ አስወረዱን። ሁለተኛው ላይ የፈተሸችኝ ሴት ዳቦውን ነካ አድርጋ፣ "ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለታማሚ።"

"ምሕረቱን ያውርድለት" ብላ አሳለፈችኝ።

ከቡሬ በእግር ነው የሚኬደው። በየደጁ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ መንገዱ ግራና ቀኙ ቀይ ነበር። ስሄድ ምን እንደምላቸው እለማመድ ነበር። "ደህና ነዎት"፣ "ፊትዎ ተመልሷል"፣ "ይድናሉ"። ስለ ሌንሱ አላሰብኩም። እሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

የእህታቸው ቤት የጭቃ ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። እህታቸውን ጋሼ እቴቴ ይሏቸዋል፤ እኔም እቴቴ አልኳቸው። ዘንቢሉን ተቀብለው ወደ ውስጠኛዋ ክፍል አስገቡኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ከአልጋው እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሦስት ርምጃ አይሞላም። ብርሃን የሚገባው ከበሩና ትሪ ከምታክል አንዲት መስኮት ነው።

አልጋው ላይ ያሉት ጋሼ መሆናቸውን ያወቅሁት በድምፃቸው ነው።

"መጣሽ?"

"መጣሁ ጋሼ። እንደምን ሰነበቱ?"

"ይመስገን። ወፍጮው እንዴት ነው?"

"ያስነጥሳል።"

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ያ ሰፊ ፊት የለም። የጉንጫቸው አጥንት ወጥቶ ከሥሩ ጎድጉዷል፤ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንገታቸው ከሸሚዛቸው ኮሌታ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው አንገት ቆሟል። ሆዳቸው ብቻ ከጋቢው ሥር አብጧል። ለመቀመጥ ሲሞክሩ እቴቴ ከኋላ ደግፈው አስቀመጧቸው።

"ፎቶ አሁን ምን ያደርግለታል?" አሉ እቴቴ፣ ለእኔም ለእሳቸውም ሳይሆን።

"ለመታወቂያ ነው" አሉ ጋሼ። "ጊዜው አልፎበታል።"

"የቱ ቀበሌ ነው እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያድስልህ?" አሉና እቴቴ ወጡ። ፎቶው ለምን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ለብቻችን ስንሆን ጋሼ፣ "እዚህ ቤት መስታወት ነበረ፤ እቴቴ ደበቀችው" አሉኝ። "ፊቴ እንዴት ነው?"

"ደህና ነዎት። ትንሽ ከሳ ብለዋል እንጂ ያው እርስዎ ነዎት።"

በእኛ አገር ታማሚ ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚባለው። ውሸት መሆኑን ጠያቂውም ታማሚውም ያውቃል፤ ሳይሉት መቅረት ግን ነውር ነው። እናቴም እንደዚያው ነው ያስተማረችኝ። ዳቦና ብርቱካን ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ብሎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ተመርቆ ይሄዳል። እኔ ግን ከዘንቢሉ ሥር ካሜራ ነበረኝ።

እቴቴ ጥግ ካስቀመጡት ዘንቢል ነጠላውን አውጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ዘረጋሁና ሁለቱን ሌንሶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ጋሼ ፊቴን ትተው እጄን ማየት ጀመሩ። እጄ ወደ ረጅሙ ሄደ። ቀና ብዬ ሳያቸው ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ረጅሙን ካነሳሁ፣ አሁን ያልኳቸው ውሸት መሆኑን በእጄ መናገሬ ነው። አልጋውን አዙሬ፣ በሩን ከፍቼ፣ ግቢው ድረስ ርቄ መቆም አለብኝ፤ በእያንዳንዱ ርምጃ ፊታቸው ምን ያህል እንዳለቀ ይቆጥሩታል። ሌላ ታማሚ ቢሆን ይህን አያውቅም። ጋሼ ግን ይህን ቋንቋ ለከተማው ሁሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

እጄን መለስኩ።

"አጭሩ ይበቃል" አልኩ።

"አጭሩ?"

"አዎ። ፊትዎ ይችለዋል።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው ጋሼ።"

ደስ አላቸው። ትከሻቸው ወረድ አለ፤ ኮሌታቸውን በሁለት ጣታቸው አስተካከሉ። እኔም ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በዚያች ደቂቃ ትልቅ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አጭሩን ገጥሜ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ራቅ ብዬ ባነሳ፣ ኋላ ፊታቸውን ብቻ ቆርጬ ባወጣ፣ ፎቶው ቢሻክርም ፊቱ አይበላሽም ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። ጋሼ ግን፣ "ምን እዚያ ያቆምሻል? በአጭሩ ስታነሺ ቅረቢ" አሉኝ፣ ድሮ እንደሚያዙኝ። ቀረብኩ። "ትንሽ ጨምሪ" አሉ። ጉልበቴ አልጋውን እስኪነካ ቀረብኩ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩት።

ስክሪኑ ላይ የመጣውን አየሁ። አፍንጫቸው ወደ እኔ ወጥቷል፤ ግንባራቸው አብጧል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፊት ሁሉ ወደ ጨለማው ሸሽቷል። ጉንጫቸው ባዶ ነው። ዓይኖቻቸው ግን በደስታ ያዩኝ ነበር፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው።

"አሳዪኝ" አሉ።

ካሜራውን አጠፋሁት። "ባትሪው ዘጋ" አልኩ።

ዓይናቸውን ከካሜራው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ነጠላው አዞሩት፤ ረጅሙ ሌንስ ብቻውን ተቀምጧል።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፤ አልተቆጡም። "የመጣሽው ለጥየቃ ነው ወይስ ለሥራ?"

"ለሁለቱም።"

"ጠያቂ ሞልቶኛል። ማለዳ መጥተው ፊትህ ተመልሷል ብለውኝ ይሄዳሉ። አንቺን የጠራሁሽ እንደዚያ የማትዪኝ መስሎኝ ነው።"

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አወዛወዙ። "ነገ ጠዋት በረጅሙ ታነሺኛለሽ" አሉ። "አልጋውን አዙሩት፣ በሩን ክፈቱት፤ ግቢው ውስጥ የፈለግሽውን ያህል ራቂ። አሁን ደከመኝ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም እዚያው አደርኩ።

ጠዋት ከእቴቴ ጋር አልጋውን አዞርን። በሩን ስንከፍተው ብርሃኑ እስከ ትራሱ ድረስ ገባ፤ ጥሩ ብርሃን ነበር። ረጅሙን ገጥሜ ከደጁ ወጣሁ፣ ርምጃ እየቆጠርኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ የገለባው ክምር ጀርባዬን ሲነካኝ ቆምኩ። በሌንሱ ውስጥ አየኋቸው። ጋሼ ያስተማሩኝ ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚያ ርቀት ፊታቸው ተሰብስቦ ታየኝ፤ የከሳ ቢሆንም የእሳቸው ፊት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት የት ሄዱ እያልኩ እፈልጋቸው የነበሩትን ሰው አገኘኋቸው።

ጭንቅላታቸው ግን አልቆም አለ። ሌሊቱን ብሶባቸው አድሯል። ቀና ሲሉ ወደ ደረታቸው ይወድቃል፤ እቴቴ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዙ። የእቴቴ እጅ ከፎቶው ሳይገባ የሚሆንበት መንገድ አልነበረም። ጋሼ ትንሽ ሞከሩ። ከዚያ መዳፋቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ፤ ተዪው ማለታቸው ነው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም።

"ሲሻለው ትመለሻለሽ" አሉኝ እቴቴ ሲሸኙኝ፤ ይህም የጥየቃ ቋንቋ ነው። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ተዘጋ። የሚከፈትበትን ቀን ስጠብቅ ሳምንታት አለፉ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ፣ ከቡሬ በእግር ከመጣ የበርበሬ ነጋዴ ነው።

ከዚያ የእቴቴ መልእክት መጣልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ከከተማ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ብዙ ስለሆነ የአርባው ቀን እንዲመጣ ተጠርቷል፤ ወንድሜ ፎቶ ተነስቻለሁ ብሎኛልና አሳድገሽ ይዘሽ ነዪ የሚል ነበር።

ፎቶ ቤቱን ከፍቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሦስቱንም አየኋቸው። ከሦስቱ የሚሻለውን መርጬ ላስተካክለው ሞከርኩ። አፍንጫውን አጠበብኩት፣ ጉንጩን ሞላሁት፣ ግንባሩን መለስኩት። ሁለት ቀን ደከምኩበት። ስጨርስ ስክሪኑ ላይ ያለው ጤነኛ ሰው ነው፤ ጋሼ ግን አልነበሩም፤ የማላውቀው የማንም ሰው አጎት ነው። ሰረዝኩትና የመጀመሪያውን እንዳለ አሳተምኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስካሁን በደንብ መናገር አልችልም። ሁለተኛ ውሸት መጨመር ስለከበደኝ ይመስለኛል።

የአርባው ቀን መንገድ ተከፍቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ሰው ሳይሞላ በማለዳ ደርሼ እቴቴን ለብቻቸው ወደ ውስጠኛዋ ክፍል ጠራኋቸውና ፍሬሙን ሰጠኋቸው። ነጠላውን ገልጠው አዩት። በሩ ድረስ ወስደው በብርሃን አዩት። ጣታቸውን ጉንጩ ላይ አሳለፉ።

"እኔ እንዲህ አላየሁትም" አሉ። "እስከ መጨረሻው ያጠብኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ሆኖ ነበር?"

ሞት ያመጣው ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር። በሽታው ነው ብላቸውም ያምኑኝ ነበር።

"አልነበሩም" አልኳቸው። "ሌንሱ ነው። በጣም ተጠግቼ በማይሆነው ሌንስ አንስቻቸው ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"ሳታውቂ?"

"እያወቅሁ።"

"ለምን?"

"ደስ እንዲላቸው።"

እቴቴ አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ፍሬሙን መልሰው ጠቀለሉትና አልጋው ሥር አስገቡት፤ ያው አልጋ ነው፣ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ከዚያ የጋሼን ጋቢ ከተሰቀለበት አውርደው ወጡና ለፎቶው ተዘጋጅቶ በነበረው ወንበር ላይ አጥፈው አስቀመጡት።

ሰው መጣ፤ ከፍኖተ ሰላም ሁለት መኪና ሙሉ መጣ። አልቃሾቹ ወንበሩን እየዞሩ ጋቢውን እያዩ አለቀሱ። በዚያ ሁሉ ሰው ቤት፣ ግድግዳ ላይ፣ ጋሼ ያነሱት ፎቶ አለ። ለቅሶው ረገብ ሲል ከጎኔ የተቀመጡት የከተማ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ፎቶ የላቸውም እንዴ?"

"የሰው ሲያነሱ የራሳቸውን ረስተውት ይሆናል።"

አንዷ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ያን ያህል ጊዜ አብረሻቸው ስትሠሪ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሻቸውም?"

እቴቴ ከወንበሩ አጠገብ ሆነው ይሰሙ ነበር።

"አንስቻቸው ነበር" አልኳት። "አበላሸሁት።"